ዝም ካሉሽ ቀጥዪ

ጎንደር ውስጥ ለልጆች ተረት ጽፎ አሳታሚ ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር የሠርግ መጥሪያ ወደሚያትሙት ቤት ሂድ የሚል ነው። እኔም ሄጃለሁ። አራዳ ውስጥ፣ ከጫማ መሸጫ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ወረቀቶቼን አገላብጦ «ሥዕሉን ማን ይሥላል? ወጪውንስ ማን ይችላል?» አለኝ። ሁለቱንም እንደማልችል ነገርኩት። እሱም የማኅበራት መጽሔትና የሙሽሮች ስም እንደተደራረበበት በትህትና ነግሮኝ ሻይ ጋበዘኝ። ውጭ አገር የደራሲን ሥራ ይዞ አሳታሚ ደጅ የሚጠና ወኪል የሚባል ሰው አለ ይባላል። እኛ ዘንድ ወኪል የሚቆመው ለቤት ሽያጭና ለመሬት ክርክር ነው፤ ለጭላዳ ዝንጀሮ ተረት የሚቆም አላገኘሁም። ስለዚህ ደጁን ራሴ መጥናት ነበረብኝ።

ሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆች ፊደል ቆጥረው፣ ቃል አያይዘው ማንበብ ሲጀምሩ የሚነበብ ነገር ሁሉ ያምራቸዋል። የሚያገኙት ግን ያንኑ የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ እሱንም እየተሻሙ። ከዚያ የሱቅ ሰሌዳ ያነባሉ፣ የሳሙና ካርቶን ያነባሉ፣ ሚኒባስ ኋላ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ያነባሉ። ስለሚያውቁት አገር የሚያወራ፣ ሥዕል ያለው አንድ መጽሐፍ እጃቸው እንዲገባ ፈለግሁ። ለሰው የምናገረው ምክንያት ይህ ነው፤ እውነትም ነው። ከሱ በታች ያለው ምክንያት ግን አባቴ ነበር።

አባቴ የዜማ መምህር ነው። ቤታችን ከቁስቋም ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ የሚያስተምርበት ጉባኤም እዚያው ግቢያችን ውስጥ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ከጓሯችን ጎጆ ቀልሰው ሲማሩ፣ ጨርሰው ሲሄዱ፣ በሌሎች ሲተኩ ኖረዋል። እናቴ እስክትሞት ድረስ እሷና እኔ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ብቻዬን፣ ድምፃቸውን እየሰማን የቤታችንን ሥራ ሠራን። ሴት ነኝና ከተማሪዎቹ መሐል ተቀምጬ አላውቅም። ማን የቱ ላይ እንደሚሳሳት ግን ጓዳ ሆኜ ለይቼ አውቅ ነበር። አባቴ ያን ሁሉ የሰው ልጅ ሲያርም እየሰማሁ አድጌ እኔን አንድም ቀን አርሞኝ አለማወቁ ያናድደኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ይዤ ስመጣ «እሰይ» ይላል። እሰይ ለእንግዳም ይባላል።

አባቴ ቤት ደንቡ እንዲህ ነው። ተማሪው የተሰጠውን አጥንቶ ይመጣል፣ ከመምህሩ ጎን ይቀመጣል፣ አንገቱን ደፍቶ በቃሉ ያደርሳል። ፊት ለፊት መቀመጥ፣ መምህርን ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው። አባቴ ልክ ነህ አይልም፤ ጎበዝም አይልም። ልጁ ሲሳሳት ብቻ በያዘው ዘንግ የመደቡን ጠርዝ ጠቅ ያደርጋል። ልጁ ይቆምና የሳተውን ራሱ ይፈልጋል፤ ካላገኘ ዘንጉ ደግሞ ጠቅ ይላል። ዘንጉ ዝም ካለ ልክ ነህና ሂድ ማለት ነው። ዳር ሲደርስ አባቴ «ሂድ» ይለዋል፤ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አገኘሁ የሚል ተማሪ አልገጠመኝም።

ተረት መጻፍ ስጀምር ያሰብኩት ይህችን ጠቅታ ነበር። ድርሰቴን ይዤ ከጎኑ እቀመጣለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ አነባለሁ፣ እሱም ያርመኛል። አርሞ አርሞ ሂጂ ሲለኝ ወደ አሳታሚ እልካለሁ። አርባ ዓመት ያለፋት ሴት ይህን መመኘቷ ያስቃል፤ እኔንም ያስቀኛል፤ ግን ተመኘሁ።

የመጀመሪያው ተረት የተገኘው ኮሶዬ ነው። የእናቴ ወንድም እዚያ ገብስ ያርሳል። አንድ ቅዳሜ ልጠይቀው ሄጄ ከማሳው በላይ ካለው አፋፍ ተቀመጥኩ። ጭላዳዎች ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጩ ይውሉና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅብና ነብር ከማይደርስበት ገደል ወርደው ያድራሉ። መንጋው እየወረደ ሳለ አንዲት ደቃቃ ጭላዳ አፋፉ ላይ ቀረች። ወደ ታች ታያለች፣ ወደኋላ ትላለች፣ ደግሞ ታያለች። ክፍሌ ውስጥ ሰሌዳ ላይ ውጪ ስትባል እንዲህ የምትሆን ልጅ አለችኝ። ወረቀት አውጥቼ መጻፍ ጀመርኩ። አጎቴ ከኋላዬ መጣ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ነፋስ ላይ ተቀምጠሽ የምን ጽሕፈት ነው?»

«ስለ ጭላዳ ነው አያ። የልጆች ተረት።»

«ስለዚህች ሌባ? ገብሴን ግጣ ስትጨርስ ደግሞ መጽሐፍ ይጻፍላት?»

«ለልጆች እኮ ነው።»

ትንሽ አሰበ። «ለልጆች ከሆነስ ሸጋ ነው። ብቻ ገብስ እንደምትሰርቅ ሳትደብቂ ጻፊ። ልጅ ከመጀመሪያው ውሸት ከተማረ አይቃናም።»

ስለዚህ ተረቱ ውስጥ የምትፈራዋ ጭላዳ የአንድ ገበሬ ገብስ ትሰርቃለች። ከዚያ ይመሻል፣ ነፋስ ይነሣል፣ መንጋው ይወርዳል፣ እሷ ከአፋፉ ትቀራለች። እናቷ ከታች ሆና ትጣራለች፤ ልጅቱ የእናቷን ድምፅ ትሰማለች፤ ፍርሃቷ ይለቃትና ትወርዳለች። ያኔ ይህ መጨረሻ ያማረ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የመጀመሪያውን ንባብ እንደ አዲስ ተማሪ ቀጠቀጠኝ። በጣም የሚለውን ቃል በደገምኩ ቁጥር ጠቅ። ጭላዳዋ ፈገግ አለች ስል ጠቅ፤ ፈልጌ ሳጣ «ጥርስ ያወጣ ሁሉ እየሳቀ ነው?» አለኝ። ጭላዳ ከንፈሯን ገልብጣ ጥርሷን ስታሳይ ተጣልታ እንደሆነ ኮሶዬ ላይ ራሴ አይቻለሁ፤ ቃሉ አምሮብኝ ነው እንጂ። ሰረዝኩ፣ ደግሜ አመጣሁ፣ ደግሞ ጠቅ አለ። ሰው በእንጨት ድምፅ ይደሰታል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ከሰነበትን በኋላ አንድ ቀን ከአርእስቱ እስከ መጨረሻው አነበብኩለትና ዘንጉ ዝም አለ። መጨረሻውንም፣ እናቲቱ የምትጣራበትንም፣ በዝምታ አለፈው። «ሂጂ» አለኝ። ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

በማግስቱ አራዳ ወርጄ አስተየብኩና አዲስ አበባ ላለ አንድ አሳታሚ በቴሌግራም ላክሁት። የልጆች መጻሕፍት እንደሚቀበሉ የሥራ ባልደረባዬ ስልኳ ላይ አሳይታኝ ነበር። ከዚያ መጠበቅ መጣ። መስመሩ ጠፋ፤ መስመሩ መጣ፤ መልስ የለም። ጽሑፉ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት አለ፣ የተነበበ ግን አይመስልም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ አዲስ አበባ ተረት አለኝ እያልኩ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ስልክ ደውዪ የሚሉኝ ነበሩ። እኔ ግን አባቴን ጠየቅሁት።

«መልስ አልሰጡኝም» አልኩት።

«አቁሚ አሉሽ?»

«አላሉኝም።»

«መልሰሽ ሥሪው አሉሽ?»

«እሱንም አላሉኝም።»

«ታዲያ ምን ቆርጦሽ ትቆሚያለሽ? ዝም ካሉሽ ቀጥዪ።»

ለሌላ ሰው ቢሆን ይህ ምክር አይዋጥለትም። እኔ በዚህ ደንብ ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ልክ መሰለኝ። ስሕተት ቢኖር ኖሮ ጠቅ ያደርጉኝ ነበር። ስለዚህ ሌላ ተረት ጻፍኩ፤ ስለ አንዲት ልጅና ስለማይገባት ጫማ። አባቴ ፊት አነበብኩ፤ ጠቅታው ቀነሰ። ላክሁት፤ አዲስ አበባ ዝም አለ። ሌላ ጻፍኩ፤ ጠቅታው ይበልጥ ቀነሰ። የመጨረሻው ስለ አንድ እብሪተኛ አውራ ዶሮ ነበር። ያን ከዳር እስከ ዳር ሳነበው ዘንጉ አልተነቃነቀም። በአንድ ንባብ ሂጂ ተባልኩ። የአባቴ ትልልቆቹ ተማሪዎች እንኳ በአንድ ንባብ አያልፉም። እኔ ብስለት መጣ ብዬ ኮራሁ፤ ትምህርት ቤት የሰው ድርሰት ሁሉ እያነሳሁ እስከማረም ደርሼ ነበር።

በዚያ ሰሞን አባቴ አዲስ ጠባይ አምጥቶ ነበር። ሳነብ ዘወር ብሎ አፌን ያየኛል። እሱ ሰው አፍጥጦ የሚያይ ሰው አይደለም፤ ነውሩን ለተማሪ ሁሉ ያስተማረ ነው። ፊት ለፊት አንድ የተሸረፈ ጥርስ አለኝ፤ እሱን የሚያይ መሰለኝና ተሳቀቅሁ። ከዚያ በኋላ ሳነብ ግራ እጄን አፌ ላይ ጣል አደርግ ጀመር።

የደወሉልኝ በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ክፍል ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ነው። ከአሳታሚው ነው፤ አርታኢዋ ራሷ ናት፤ ድምፅዋ የደከመ ነው።

«እህቴ፣ የላኩልንን ሁሉ አየነው» አለችኝ። «የመጀመሪያውን ከብዙ ጊዜ በፊት ነው ያየነው። መልስ ባለመስጠታችን ይቅርታ፤ የሚመጣው ብዙ ነው፣ የምናነበው ጥቂት ሰው ነን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መልስ ሳያገኙ ለምንድን ነው የሚልኩት?»

«ዝም ስላላችሁኝ» አልኩ።

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ። ከዚያ ቀጠለች። «ግልጽ ልሁንልዎት። የጭላዳዋ ጥሩ ነው፤ ገብስ መስረቋን ወድጄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያሉት እየተበላሹ ነው የሄዱት። የአውራ ዶሮውን ከመላክዎ በፊት ሰው አይቶልዎት ነበር?»

«አባቴ ሰምቶታል። እሱ ነው የሚያርመኝ።»

«ምን አሉዎት?»

«ምንም አላለም።»

«ዶሮው ሁለተኛው ገጽ ላይ ገበያ ተወስዶ ተሸጧል። መጨረሻው ገጽ ላይ እዚያው ቤት ጣራ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ማን መለሰው?»

ሻዬ ቀዘቀዘ። የጭላዳዋን ተረት ለአንድ ተከታታይ ሕትመት እንደሚያስቡት፣ መጨረሻው ግን እንዳላሳመናት ነገረችኝ። ያን ያህል የፈራች ልጅ ድምፅ ስለሰማች ብቻ መውረዷን ማን ያምናል አለች። ከፋሲካ በፊት አቃንቼ ከላክሁ ይገባል፤ ካልላክሁ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። ማስታወሻዋን እንደምትልክልኝ ነግራኝ ስልኩን ዘጋች።

ተናድጄ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። የሰውን ዶሮ ማን መለሰው ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? አጥር ዘሎ መጥቶ ይሆናላ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳየው ግን ሴትየዋ ልክ ናት። ዶሮው ተሸጧል፤ ደግሞ ይጮኻል። አንድ ልጅ ድምፁን ከልኩ ትንሽ ሲያስረዝም ዘንግ የሚያነሳ ሰው ይህን እንዴት አለፈው? እያሰብኩ ንዴቴ ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ።

ማታ ከራት በፊት እንደ ልማዴ ከጎኑ ተቀመጥኩና የዶሮውን ተረት አነበብኩለት። ዝም አለ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን የውሃ መቋረጥ ማስታወቂያ አንስቼ በዚያው በተረት ድምፄ ማንበብ ቀጠልኩ። በሚቀጥሉት ቀናት በመስመር ጥገና ምክንያት፣ ክቡራን ደንበኞቻችን፣ በትዕግሥት እንድትጠብቁን። እጄ አፌ ላይ ነበረ። አባቴ እንደ ሁልጊዜው ራሱን በቀስታ ይወዘውዛል። ወረቀቱን ሳስቀምጥ አየኝና «ሂጂ» አለ።

ተነሥቼ ጓዳ ገባሁ። አለቀስኩ። ለእሱ ይሁን ለኔ አላወቅሁም፤ ለሁለታችንም ይመስለኛል።

በማግስቱ ጠዋት ከተማሪዎቹ ትልቁን፣ ፂሙን ያሳደገውንና ታናናሾቹን እያስቀጸለ የሚያስጠናውን ዲያቆን፣ በሩ ላይ አገኘሁት። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልወድም።

«አባቴ አይሰማም አይደል?» አልኩት።

መሬት መሬት አየ። «እትዬ፣ አላወቁም ነበር?»

«አላወቅሁም።»

«የኔታ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየደከማቸው ነው። ከፍ ያለውን ይሰማሉ፤ ቀስ ያለውን አይሰሙም። እኛ ተነጋግረን ነው። አንዱ ሲስት ከጎኑ ያለው በጉልበቱ ነካ ያደርገዋል፤ ያቆማል፣ ይመልሳል። እሳቸው የቆመውን ሲያዩ ዘንጋቸውን ያነሳሉ። ሌላ ሰው ከሰማ ጉባኤውን አስረክቡ ይሏቸዋል። ወንበር የለቀቀ መምህር ምን ይሆናል?»

«እሱስ ማወቃችሁን ያውቃል?»

«አልጠየቅናቸውም፤ አልነገሩንም።»

ግቢው ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ከጓሮ ጎጆው እስከ በሩ ያለው ሰው ሁሉ። አልሰሜን ግባ በለው ይባላል፤ አልሰሜዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት። አብሬው አንድ ጣራ ሥር እየኖርኩ የሱን ዝምታ ለኔ ጉብዝና አውዬዋለሁ። ዲያቆኑን ለማንም እንደማልናገር ነገርኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። በዚያ ቀን ልጆቹ ሲያነቡ ያረምኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

ልብ ሰቅዬ ላቆያችሁ አልፈልግም። መጽሐፉ ወጥቷል። ሥዕሉ ያምራል፤ ሠዓሊው ኮሶዬን አይቶ ባያውቅም ገደሉን አሳምሮ ገደል አድርጎታል። አጎቴ የጭላዳዋን ሥዕል አይቶ «ጠግባለች፣ የኔው ገብስ ነው» አለ። ተማሪዎቼ እጅ ላይ አለ፤ ሽፋኑ አርጅቷል። ይህን ሁሉ ያመጣው ግን ከፋሲካው በፊት የነበረ አንድ እሑድ ነው።

የአርታኢዋ ማስታወሻ መጥቶ ነበር። ከመጨረሻው ገጽ ጎን በቀይ «አላመንኩም» ብላ ጽፋለች። ብዙ ሞከርኩ። እናቲቱ ሁለት ጊዜ ትጥራት አልኩ። ሦስት ጊዜ ትጥራት አልኩ። መንጋው በሙሉ ይጥራት አልኩ። ጩኸቱ በበዛ ቁጥር ተረቱ እየከፋ ሄደ። የቀረኝ ጊዜ ትንሽ ነበር። ጠቅ የሚያደርገኝ ሰው ከመቼውም ይልቅ በፈለግሁበት ሰዓት አጣሁ።

ለአባቴ ብነግረው ያፍራል። ብጮኽበት ጎረቤት ይሰማል። ስለዚህ አራዳ ወርጄ ተረቱን እንደነበረ በትልልቅ ፊደል አስተየብኩት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁርስ ከበላን በኋላ ወረቀቱንና መነጽሩን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ምነው፣ አታነቢልኝም?» አለ።

ጉሮሮዬን በእጄ ይዤ እንዳመመኝ አሳየሁት። ውሸት ነው፤ የአጎቴ ምክር አልሠራም። አባቴ ትንሽ አየኝና መነጽሩን አደረገ። ተማሪ ሲያነብለት እንጂ እሱ ሰው የጻፈውን ተረት ሲያነብ አይቼው አላውቅም ነበር። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጆቼ ቀስ ብሎ ያነባል። ገብሱ ጋ ሲደርስ ሳቅ አለ። እኔ እንደ ልማዴ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንገቴን ደፍቻለሁ። ገጾቹን እያሳለፈ መጨረሻው ደረሰ። ጣቱ ቆመ።

ጠቅ።

ዘንጉን መቼ እንዳነሳው አላየሁም። እናቲቱ የምትጣራበት መስመር ላይ ነው። ያኔ በዝምታ ያለፈው መስመር ነው።

ቀና አልኩ። ስሕተቱን ራሴ እንድፈልግ ጠበቀኝ። አላገኘሁትም። ዘንጉ ደግሞ ጠቅ አለ። ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

«ነፋስ አለ ብለሻል» አለ ወረቀቱን እያየ። «እናቷ ከታች ትጣራለች ብለሻል። ትሰማለች ብለሻል።»

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩ።

«ካልሰማችስ?»

ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

«ድምፅ አለ፤ እሷ ጋ ግን አይደርስም። የእናቷ አፍ ሲከፈት ሲዘጋ ታያለች። ምን እንደምትል አታውቅም። ሌሎቹ ወርደዋል። እሷ ልጠይቅ ብትል ታፍራለች፣ ልውረድ ብትል ትፈራለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ በምን ታወርጃታለሽ?»

እርሳስ አንስቼ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፍኩ። «በምን ትውረድ አባዬ?»

አነበበ። ስለምን በጽሕፈት እንደጠየቅሁት አልጠየቀኝም። ጉሮሮሽን አሞሽ ነው ወይ ብሎ እንኳ አልተጫወተብኝም። መነጽሩን አወለቀና በነጠላው ጫፍ መጥረግ ጀመረ፤ ጠርጎም ሲጨርስ መጥረጉን አልተወም።

«እናቲቱ ተመልሳ ትውጣ» አለ። «ከታች መጣራቷን ትተው። ትምጣና ከፊቷ ትቁም። የት እንደምትረግጥ እያሳየቻት ትውረድ፤ ልጅቱ እግር እግሯን እያየች ትከተላት። ቀስ ብለው ይውረዱ፤ ማንም አያጣድፋቸው።» መነጽሩን መልሶ አደረገና አየኝ። «ስታናግራት ደግሞ ፊቷን አታዙርባት። እጇንም አፏ ላይ አታድርግ።»

ጭላዳ እጇን አፏ ላይ አታደርግም። ተረቱም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ለካ ሳነብ አፌን ያይ የነበረው ለጥርሴ ብሎ አልነበረም።

ከሰዓቱን ሙሉ ተቀምጬ የመጨረሻውን ገጽ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ጩኸቱን አወጣሁ። እናቲቱን ወደ አፋፉ መለስኳት። ሲመሽ አባቴ ተማሪዎቹን አሰናብቶ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋደመ። እኔም ወረቀቴን ያዝኩ። በርጩማዬን ከጎኑ አንስቼ ከፊቱ አስቀመጥኩት፤ ነውር መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ተቀመጥኩ፣ ፊቴን ወደ መብራቱ አቀናሁ፣ እጄን ከአፌ ላይ አነሳሁና ከአርእስቱ ጀመርኩ።